የአዳማ ሰዎች፣ ግራሩን ማሩት

ወገኖቼ፣ ትንሽ እንኳ አናፍርም? ከከተማችን ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የንፋስ ማመንጫዎቹ ይሽከረከራሉ፤ አዳማ አንድ የ51፣ አዳማ ሁለት የ153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። እኛ ግርጌያቸው ቁጭ ብለን ሽሮ ለማንተክተክ የግራር ከሰል እንፈጃለን።

የድንጋይ ከሰል የሚያነደው የሲሚንቶ ፋብሪካ እንኳ ምክንያት አለው። ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ጠጠር መሰል ነገር፣ ለማውጣት ጥሬ ዕቃው ወደ 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ መጋል አለበት። ለዚሁ ሲባል አገሪቱ ለዓመታት ከደቡብ አፍሪካ የድንጋይ ከሰል በዶላር ስትገዛ ኖራለች፤ አሁን ደግሞ የአገር ውስጡን እያጠበች ለመተካት ደፋ ቀና ትላለች። ይሁን። የእናንተ ጀበና ግን ስንት ዲግሪ ይፈልጋል?

በመተሐራ መንገድ ዳር ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ሲደረደር መኪና አቁማችሁ፣ ዋጋ ተከራክራችሁ ጭናችኋል። እንጨቱ በአፈር ተዳፍኖ ሲከሰል አብዛኛው ክብደቱ እዚያው ይቀራል፤ ለአንድ ኩንታል ከሰል አምስት ስድስት ኩንታል እንጨት ይሄዳል፤ አክሳዩ ካልሠለጠነበት ከዚያም ይብሳል። የአቢጃታ ሻላ ፓርክ ግራር በዚህ መንገድ ሳስቷል። አክሳዩን አትርገሙት፤ ድሃ ነው፣ ሌላ የሚሸጠው የለውም። ገዢዎቹ እኛ ነን።

መብራት ይጠፋል ትሉኛላችሁ። ይጠፋል፤ ያውም ወጡ ሊወጣ ሲል። ሲመጣስ? መብራት ባለበት ቀንም ከሰል ታቀጣጥሉ የለ! የግድ ከሆነ ላቀች ምድጃ ግዙ፤ ከቆርቆሮው ማንደጃ አንጻር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። በረካው ሲያበቃም ፍሙን አዳፍኑት፤ ነገም ያገለግላል።

እጅግ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላችሁ፣ «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል» ብላችሁ ሕፃናት ወደተኙበት ክፍል ታስገቡና በሩን ትዘጋላችሁ። ገዳዩ ጭሱ መሰላችሁ? ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ የሚወጣው ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ቤት ውስጥ ከሰል እየነደደ ሰው «ራሴን» ካለ ሎሚ በማሽተት የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ ሁላችሁም ውጡ፣ በርና መስኮቱን ክፈቱ፣ ታማሚውን ወደ ሐኪም ውሰዱ። ዝናብ ጣለ፣ በረደ ብላችሁም አታስገቡት፤ ማንደጃው ደጅ ይደር።