ለ«ዛሬ ስንት ገባ?» ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

ዶላር ሁለት ዋጋ ባለው አገር ሁሉ፣ ደሞዝ ሳይከፈላቸው ሌት ተቀን የሚደክሙ ባለሙያዎች አሉ። ማዕከላዊ ባንክ አልቀጠራቸውም፤ አብዛኞቹ ኪስ ውስጥ አንድ ዶላር አይገኝም። እነሱ ግን ገና ከአልጋ ሳይወርዱ «ዛሬ ስንት ገባ?» ይላሉ፤ ምሳ ሳይደርስ ደግሞ ለጠየቀም ላልጠየቀም ያስተምራሉ። እስካሁን አመስጋኝ አለማግኘታቸው ስለቆጨኝ ዛሬ እኔ ልሞክር።

ከሁሉ በፊት የሚደነቀው ለእውነት ያላቸው ፍቅር ነው። ባንኩ የለጠፈውን ቁጥር «እሱማ የወረቀት ነው» ብለው ባንድ ቃል ያባርሩታል። እዚህ ላይ እንኳን አልተሳሳቱም። ባንኩ ዶላሩን በርካሽ እሸጣለሁ ይላል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ግን ዶላር የለም፤ ያለው ቅጽ፣ ወረፋና «ተመዝገብ» ነው። ዕቃ አስመጪውም፣ ውጭ አገር መታከም ያለበትም ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የባንኩ «የለም» ዋጋ ነው። ሊባኖስ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዶላሩን በ1,507.5 ፓውንድ አስራ ይዛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ይፋዊውን ዋጋ ወደ 15,000 ስታሻግረው ገበያው ብዙ አስር ሺዎችን ቆጥሮ አልፏታል። እንዲህ ያለውን የወረቀት ቁጥር የሚንቅ ሰው ሊመሰገን ይገባል።

ግን የሊቆቹ ጥበብ የሚታየው ሲመነዝሩ ነው። ባንክ 100፣ ጥቁር ገበያ 150 ነው እንበል። ተራ ሰው አንዱን ዋጋ ይመርጥና ሁሉንም በዚያው ያሰላል፤ ሞኝነት ነው። ሊቁ እንደ ጉዳዩ ይመርጣል። አንዱን ከወንድሙ ጋር ሲተሳሰብ ሰምቼዋለሁ።

«ይኸው ያበደርከኝ 200 ዶላር፤ 20 ሺህ።»

«ባለፈው ለእማዬ የሰጠሃትን 200 ዶላር 30 ሺህ ነው አላልክም ነበር?»

«እሱ ስጦታ ነዋ! ዕዳ ግን በሕግ ነው የሚመነዘረው።»

ሕግ አክባሪነቱ አፍ ያስይዛል። ይኸው ሰው ደሞዙ ምን ያህል እንዳነሰች ሲያስረዳ በ150 ያካፍላታል፤ ኀዘኑ እንዲሰማ። ቤቱን ሲያከራይም ተመኑ 150 ነው፤ በዚያው ቤት ላይ ግብር ሲተመን ግን ድንገት የማዕከላዊ ባንክ ወዳጅ ይሆናል።

ስለ ሒሳብ ችሎታቸውም ዝም ማለት ግፍ ነው። ከ100 ወደ 150 ሲሆን ልዩነቱ 50 በመቶ ነው፤ ስለዚህ «ገንዘባችን ግማሽ ዋጋውን አጣ» ይሉናል። አንዱ ክፉ ሰው 100ን ለ150 ቢያካፍል ከባንኩ ዋጋ ሁለት ሦስተኛው እንደቀረ፣ የጎደለውም ሲሶ እንደሆነ ያገኘዋል። ደግነቱ የሚያካፍል የለም። ዶላሩ 200 የገባ ቀን ልዩነቱ 100 በመቶ ይሆናል፤ በሊቆቹ ስሌት ያን ዕለት ገንዘባችን ፈጽሞ ይጠፋል ማለት ነው፤ ግማሹ ኪሳችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ።

ያ 150 ራሱ ማን የሚሸጥበት፣ ማን የሚገዛበት እንደሆነ መጠየቅም ነውር ነው። በ150 የሚሸጠው መንዛሪው ነው፤ ከእርስዎ ሲገዛ በ144 ነው። 30 ሺህ የተባለችው ስጦታ እጅ ላይ ስትደርስ 28,800 ትሆናለች። ያውም ኖቱ ካማረ ነው። መንዛሪ ኖት ሲቀበል አይታችሁ እንደሆነ፣ ብርሃን ላይ ይዘረጋዋል፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ የታጠፈበትን መስመር እንደ ቂም ያስተውላል። በአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ የፍሎሪዳ መንገድ ላይ «ካምቢዮ! ካምቢዮ!» (ምንዛሪ! ምንዛሪ!) እያሉ የሚጣሩት ደላሎች፣ አገሬው «ትንንሽ ዛፎች» የሚላቸው፣ አዲስና ንጹሕ ባለ100 ሲሆን ፊታቸው ይበራል፤ ባለ10 ወይም የሰውየው ምስል አነስ ያለበት የድሮ ኖት ከመጣ ግን ዋጋው ይቀንሳል። ሊቁ ይህን ሁሉ ዝርዝር ንቆ ቁጥሯን ብቻ ያውጃል።

መንግሥታትም ለቁጥሯ ያላቸው አክብሮት ቀላል አይደለም። የቬኔዝዌላ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 የጥቁር ገበያውን ዋጋ የሚለጥፈውን ዶላር ቱዴይ የተባለ ድረ ገጽ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ከሰሰ። የናይጄሪያው እ.ኤ.አ. በ2021 ተመሳሳይ ሥራ በሚሠራው አቦኪ ኤፍ ኤክስ ላይ ዘመተ፤ ድረ ገጹም ዋጋ ማውጣቱን አቆመ። የአገሪቱ ገንዘብ ናይራ ግን ዜናውን የሰማ አይመስልም፤ መውረዱን ቀጠለ።

ነጋዴዎቻችንን ብረሳ ይታዘቡኛል። ዶላር ጠዋት ጨመረ ሲባል፣ ከመንፈቅ በፊት ገብቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው ዕቃ ከሰዓት ዋጋው ይጨምራል። «ነገ በስንት ልተካው ነው?» ይላል ባለ ሱቁ፤ እውነት አለው። በሳምንቱ ዶላር ሲወርድስ? «እትዬ፣ ይሄ እኮ በድሮው ዋጋ የገባ ነው!» ዕቃው ያው ነው፤ መደርደሪያው ያው ነው።

ብቻ አንድ ስጋት አለ፤ ሁለቱ ዋጋዎች አንድ ቀን ቢገናኙ እነዚህ ሁሉ ሊቃውንት ሥራ ሊፈቱ ነው። ምያንማር ለዓመታት ዶላርን በወረቀት ላይ ከ7 ቻት በታች አድርጋ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ባንድ ቀን ወደ 818 አምጥታ ከገበያው ጋር አገናኘችው። ግን አይደንግጡ። አርጀንቲና የዶላር ክልከላውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ስታነሳ ሊቃውንቷ መጦሪያቸውን ያጡ መስሏቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ያው ያነሳው ፕሬዚዳንት መልሶ ጣለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጭራሽ የዶላሩ ዋጋ ዓይነት በዝቶ፣ ውጭ አገር በካርድ ለሚያወጣ «የኳታር ዶላር»፣ የውጭ ዘፋኝ ለሚያስመጣ ደግሞ በእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ስም «የኮልድፕሌይ ዶላር» የሚባል መጣ። የእኛ ሊቅ እንዲህ ያለ አገር ላይ ቢወለድ፣ ዕዳውን በየትኛው ይከፍል ነበር?