ደረቱ ደርሷል፣ ባለቤቱ እየመጣ ነው

በር ላይ መጀመሪያ የሚታየው ደረቱ ነው። ባለቤቱ ትንሽ ቆይቶ ይከተላል። ከኋላው ስሙን ከጠሩት አንገቱ ብቻውን መዞር ስለተሳነው መላ አካሉን ይዞ ይዞራል፤ ቁም ሳጥን ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር ያየ ሰው ሁኔታውን አያጣውም። ጀርባውን ሲበላው ግድግዳ ይፈልጋል። የጫማው ክር ከተፈታ እንደተፈታ ይውላል፤ ማን ጎንበስ ይበል! ይህ ሰው ወዳጄ ነው። ጂም መመላለስ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤንች ላይ ተንጋሎ 100 ኪሎ ይገፋል። ደረጃ ሲወጣ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል። ማንም አልደወለለትም።

የጂም ሕግ ባይጻፍም ሁሉም ያውቀዋል፦ መስታወት የማያሳየው አካል አይሠራም። ደረትና ክንድ በየሁለት ቀኑ ይጎበኛሉ። ጀርባ ጊዜ ከተረፈ ነው። እግር እንደሆነ ሱሪ ይሸፍነዋል። ልብማ ምኑ ታይቶ! ፎቶ አይነሳ፣ ሸሚዝ አይወጥር። ወዳጄ አሥር ጊዜ ይገፋና ይነሳል፣ መስታወቱን ያማክራል፣ ስልኩን ከፍቶ የሌላ ሰው ደረት ያያል፣ በቅናት ትንሽ ይቆዝማል። ቀጣዩ ዙር ሲደርስ ልቡ ሥራ መኖሩን ረስቶ ተኝቷል። የመሮጫው ማሽን ትሬድሚልም ሥራ አልፈታም፤ ፎጣ ይሰቀልበታል።

በነገራችን ላይ ብረት ሰውን ያደርቃል የሚባለው ሐሜት ነው። ክብደት መገጣጠሚያው እስከፈቀደ ድረስ ከታች እስከ ላይ ከተነሳ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ያፍታታዋልም። ሐሜቱ የሚገባው ለግማሽ ስኳት ነው፤ ስኳት ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ያ ጉልበትን ለአመል ያህል አጠፍ አድርጎ “ወረድኩ” የሚባልበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ የልብና የሳንባ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። ወዳጄ መመሪያውን አንብቦታል። ዓይኑ ያረፈው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው።

ኋላ ሐኪሙ የደም ግፊቱን ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። የሐኪም መነጽር ሲወልቅ ነገር አለ። “ልብህን የሚያሠራ ነገር ጨምርበት፤ ግን ቀስ ብለህ ጀምር” አለው። ወዳጄ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰምቶ በማግስቱ ካራቴ ተመዘገበ።

አሰልጣኙ ያጣመሩት ከአንድ የ11 ዓመት ልጅ ጋር ነው፤ አረንጓዴ ቀበቶ ታጥቋል። ወዳጄ ልጁን እንዳልጎዳው ብሎ ተጨነቀ። ልጁም ተጨንቋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የጎን ምት ሲታዘዝ የወዳጄ እግር ወገብ ሊደርስ ተነስቶ ጉልበት ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ሱሪው ግን አልቀየረም፤ ከመሀል ተተረተረ። ይህ ምት የክንድ ወሬ አይሰማም። የቆመው እግር ተረከዝ ካልዞረና ዳሌ ካልተከፈተ ሌላው እግር ከፍ አይልም። የወዳጄ ዳሌ ደግሞ ከወንበር ሌላ የሚያውቀው አገር አልነበረውም።

“ጋሼ፣ ይተንፍሱ እንጂ!” አለው ልጁ።

እውነቱን ነው። ከባድ ብረት የሚያነሳ ሰው ወገቡ እንዲጸናለት ትንፋሹን ይይዛል። ግፊቱን ለጊዜው ሽቅብ ይሰደዋል እንጂ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ይጠቅማል። ደቂቃዎች የሚፈጅ ግጥሚያ ውስጥ ግን ትንፋሽ ይዞ የሚዘልቅ የለም። የካራቴ ሰዎች ሲመቱ የሚጮኹትም ለማስፈራራት ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ የሚወጣው በጩኸቱ ነው። ወዳጄ ሊጮህ ሲሞክር ሳል ቀደመው። በዚህ መሀል ለጌጥ ያሰረው የእጅ ሰዓት ቲት ቲት ማለት ጀመረ፤ የልብ ምት 171። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ጣሪያውን የሚገምት የተለመደ ስሌት አለ፤ ለወዳጄ 42 ዓመት 178 ይሰጠዋል። “ቀስ ብለህ ጀምር” የተባለውን ያስታወሰው ያኔ ነው፤ ወለሉ ላይ ተዘርሮ።

ከጎን ባለው አዳራሽ ደግሞ ጁዶ አለ፤ ካኖ ጂጎሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ የጀመሩት። እዚያ አዲስ ገቢ አስቀድሞ የሚማረው ሰው መጣልን ሳይሆን ራሱ መውደቅን ነው፦ አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ፣ ምንጣፉን በክንድ ጠፍጥፎ፣ ተንከባሎ መነሳት። የኛ ጡንቸኞች በመስኮት እያዩ ይስቃሉ። ይሁንና በዓለም ላይ በድንገተኛ አደጋ ሰው ከሚሞትባቸው ምክንያቶች መውደቅ ከመንገድ ትራፊክ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው፤ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ። ለክንዱ ዓመታት ሰጥቶ ለአወዳደቁ አንድ ከሰዓት የነፈገ ስንቱ ነው!

አሁን ወዳጄ ሁለት ቀን ብረት፣ ሁለት ቀን ካራቴ ተከፋፍሏል። የእግር ምት ባለበት ዋዜማ ከባድ ስኳት እንደማይሠራ ጭኑ አስተምሮታል። ልብም እንደማንኛውም ጡንቻ ሥራ ሲለምድ በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል፤ በዕረፍት ጊዜ አይራወጥም። ጀርባውን በገዛ እጁ ያካል። ደረጃው ላይም ስልኩን ማየት ትቷል።

ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ማርሻል አርት የራሱ በሽታ አለው። ብረት ነክተው የማያውቁ፣ “ጉልበት የሞኝ ነው፣ ጥበብ ይበቃል” የሚሉ ቀጫጭን ቀበቶኞች አሉ። ጡንቻ ካልሠራ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ እየሟሸሸ እንደሚሄድ ሲነግሯቸው በትዕግስት ፈገግ ይላሉ። ከዚያ ሰው በተሰበሰበበት አንዱን መርጠው “እስቲ እጄን ያዘኝ” ይላሉ። የያዘ ሰው ወዲያው ተጠምዝዞ የጫማውን ጫፍ እያየ ማብራሪያ ያዳምጣል፤ ማብራሪያው አጭር አይደለም። ካልያዘም ፈሪ ነው።

ወዳጄ ባለፈው ቢጫ ቀበቶውን አገኘ። ሊነግረኝ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ እጁን ዘረጋልኝ።

“እስቲ ያዘኝ” አለ።

በሩቁ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።