ሰባት ቤት የማይቆጠርለት ኮር ሰባት

ልጅ ሊዳር ሲል ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ነን። የሙሽሪት ቅድመ አያት ከየት ፈለሰ፣ የአያቷ ታላቅ ወንድም ማንን አገባ፣ አንዲት ክር ሳትቀር ትመዘዛለች። ይኸው ሕዝብ አዳማ ላይ የጌም ኮምፒውተር ሊገዛ ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ኮሩ ስንት ነው?»

«ሰባት።»

«በል ጠቅልልልኝ።»

አለቀ። ትውልድ አልተቆጠረም፣ ዘር አልተጠየቀም። ኪሎ ቲማቲም ሲገዛ አንድ በአንድ እየጨበጠ የሚመርጥ ሰው የስንት ወር ቁጠባውን በአንዲት ቁጥር አምኖ ሲያስረክብ ማየት ያስቀናል። እምነት ከአገር ጠፋ ያለው ማነው?

ምስጋናችን አስቀድሞ የሚደርሳቸው «ኮር ሰባት ማለት ሰባት ኮር አለው ማለት ነው» እያሉ ገዢውን ለሚያስረዱት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሊቅ አንዴ ዊንዶውስ ፎርማት አድርጎ የተሳካለት የአክስት ልጅ ነው። ኮር አይ 7 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ለፕሮሰሰሩ፣ ለኮምፒውተሩ አንጎል ማለት ነው፣ ያወጣለት ስም ነው፤ ኮር የምትባለው ደግሞ በአንጎሉ ውስጥ ሥራውን የምትሠራ አንዲት ክፍል ነች። አይ 7 ከተባሉት መካከል 4 ኮር ያለው አለ፣ 8 ያለው አለ፣ አይ 7-14700ኬ 20 አለው፣ የላፕቶፑ አይ 7-7500ዩ ደግሞ 2 ብቻ። ሰባት ያለው ገና አልተወለደም። የአክስት ልጅ ግን አይቶታል።

ከሰረዟ በኋላ ያለውን ቁጥር አለማንበብም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አይ 7-2600 ላይ የመጀመሪያዋ 2 ሁለተኛ ትውልድ ማለት ነች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው (ከዚህ በታችም ዘመኑ ሁሉ የፈረንጅ ነው)። አይ 7-12700 ላይ ያለው 12 አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው። በዘመድ ቆጠራ ቢሆን ሁለቱ ያለ ምንም ስጋት ይጋቡ ነበር። ስቲከሩ ላይ ግን ሁለቱም «7» ናቸው፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በ2022 መጀመሪያ የወጣውን አይ 3-12100ኤፍን ተመልከቱት፣ ምስኪኑን። 4 ኮርና 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ ክሮች) አለው፤ ልክ እንደ አይ 7-2600። ልዩነቱ የአንዷ ኮር ጉልበት ከአሮጌው እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ጌም ደግሞ ሥራውን ለኮሮቹ ሁሉ እኩል አያካፍልም፤ አንዲት ዋና ትሬድ ከዘገየች ሌሎቹ ቆመው ይጠብቋታል፣ ስክሪኑም መንተፋተፍ ይጀምራል። ስለዚህ ሦስቱ ሰባቱን ይመራዋል። ግን ማን ደፍሮ «ሦስት» ይዞ ቤቱ ይገባል? ጎረቤት ምን ይላል?

የሰባት ወዳጅ ቤቱ ሲገባ የሚገጥመውም የሚያስመሰግን ነው። አይ 7-2600ም ሆነ ተከታዩ 3770 ኤቪኤክስ2 የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ የላቸውም፤ እሱ የመጣው በ2013 ከአራተኛው ትውልድ ጋር ነው። ይህን የሚጠይቅ አዲስ ጌም ሲከፈት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ምክንያቱንም ላይናገር ይችላል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በእኛ ዘንድ የዚህ ሁሉ መድኃኒት የታወቀ ነው፦ «ቫይረስ ይሆናል፣ ፎርማት ይደረግ።» ይደረጋል። ጌሙ አሁንም ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በድጋሚ ይደረጋል።

የሚበልጠው ጀግንነት ግን የጌሙን ምስል የሚሠራው የግራፊክስ ካርድ ሲገጠም ነው የሚታየው። ከቢሮ የወጣች ቀጭን ኬዝ ውስጥ ያለው ፓወር ሳፕላይ (መብራቱን ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው) 240 ዋት ያህል ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድም የለውም። ሌላው ሕዝብ እዚህ ላይ ያቆማል። የእኛ ሰው ለሃርድ ዲስኩ መብራት ከሚያደርሰው የሳታ ገመድ ላይ በአዳፕተር ይቀጥልለታል። የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ካርዱ በ6 ፒኑ በኩል እስከ 75 ሊጠይቅ ይችላል። ልዩነቱ በጭስ መልክ ይወጣል።

በዚህ ሁሉ መሀል ደስታ የማይገባቸው ስስታሞችም አሉ። ሱቅ ሲገቡ ስቲከሩን አያዩም። ኮምፒውተሩ እንዲበራላቸው ይጠይቁና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይከፍታሉ፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብተው የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የኮሩንና የሎጂካል ፕሮሰሰሩን ብዛት ያነባሉ። ባለሱቁን ማሳፈር ካልሆነ ይህ ምን ይባላል?

ከዚያ ደግሞ ስለ ሶኬት ይጠይቃሉ፤ የግድግዳውን ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ፣ ላይ የሚሰካበትን። ፕሮሰሰር ከሚያረጀው ይልቅ ማዘርቦርዱ መንገድ የሚዘጋበት ይበዛል ብለው ያምናሉ። በ2017 ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ (የኢንቴል ተፎካካሪ) ሶኬት ያለበትን ማዘርቦርድ የገዛ ሰው ቦርዱ ማሻሻያ የወጣለት ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ባዮሱን (ቦርዱን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) አድሶ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ የተባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ሰክቶበታል፤ ቦርዱን ሳይቀይር፣ ራሙን ሳይቀይር። እንዴት ያለ ንፍገት ነው! ኤኤም5 በ2022 ወጥቶ ኤኤምዲ እስከ 2027ና ከዚያም በኋላ እቀጥላለሁ ያለበት ሶኬት ነው፤ ራሙ ግን ዲዲአር5 ብቻ ስለሆነ አሮጌው አይሰካም። የኢንቴሉ ኤልጂኤ 1700 አሥራ ሁለተኛን፣ አሥራ ሦስተኛንና አሥራ አራተኛን ትውልድ አስተናግዶ ለቀጣዩ በሩን ዘግቷል።

እነዚህ ሰዎች በበጀታቸው አይ 5-12400ኤፍ ወይም ራይዘን 5 5600 ይገዛሉ፤ ሁለቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ ናቸው። ምክንያታቸውንም ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል፦ ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 የወጣው 8 ኮር ይዞ ነው፣ ጌም ሠሪዎችም የሚያስቡት በዚያ ልክ ነው፣ ስለዚህ ከ6 በታች ቶሎ ያልቃል። አቅም ያለው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ይወስዳል። 8 ኮር ነው፤ የሚለየው ግን 96 ሜጋባይት ኤል 3 ካሽ ነው፣ 5600 ላይ ያለው 32 ነው። ካሽ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማህደረ ትውስታ ነው፤ በርበሬና ቅቤው ጓዳ ሳይሆን ምድጃው ሥር ሲቀመጥ ማለት ነው፤ ወጥ ሠሪዋ አትመላለስም። የተረፈውን ብር ካርድ ላይ ያውሉታል፣ ራም ሲገዙም አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይላሉ፣ በሁለት መስመር እንዲሠራ።

በእርግጥ እነሱም ይቀጣሉ። ቢ450 የሚባል የቆየ የኤኤም4 ቦርድ ላይ 5600 ሰክተው ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንባቸዋል፤ ባዮሱ ከፕሮሰሰሩ በፊት የነበረ ነው፣ ሱቁ እንዲያድስላቸው ሳይከፍሉ በፊት መጠየቅ ነበረባቸው። 12400ኤፍ የገዛው ደግሞ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ያለቅሳል። «ኤፍ» የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፤ ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው። ያገለገለ አይ 7-13700ኬ ያገኘ ሰውም ባዮሱን ሳያድስ ቢጠቀም፣ በ2024 ኢንቴል ራሱ ያመነው የቮልቴጅ ችግር ሊጠብቀው ይችላል። ማሻሻያው የተጎዳውን ፕሮሰሰር አያድነውም፣ ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ።

አሁን ወደ ከተማችን። የአዳማ ነፋስ ተራ ነፋስ አይደለም፤ አዳማ 1 ላይ 51፣ አዳማ 2 ላይ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩትን ተርባይኖች የሚያዞር ነው። አቧራውን ይዞ የኬዟን ፋን ሲጎበኝ በትሕትና ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስወጣው ብረት፣ የሂት ሲንኩ፣ ክንፎች መሀል ግራጫ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። በጋ ላይ በየሁለት ሦስት ወሩ ከፍቶ፣ ፋኑ በነፋስ እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ፣ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ የሚሉት ሥራ ፈቶች ናቸው። ሙቀቱ አይ 5-12400ኤፍ ላይ 100፣ ራይዘን 5 5600 ላይ 90 ዲግሪ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም «ኔትወርክ ነው» ይላል።

በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መሀል የሚቀባው ፔስትማ የባህል ጉዳይ ነው። መሀል ላይ የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ይበቃል፣ ሂት ሲንኩ ሲጫነው ራሱ ይንጣለላል። የእኛ ባለሙያ ግን እንደ ጨጨብሳ ቅቤ ነው የሚያርከፈክፈው። እንግዳ ይጥገብ!

ከሁሉ ግን ልብ የሚነካው ዳንቴሉ ነው። ሞቃት አየር የሚወጣበት የኬዙ አናት ላይ፣ በእጅ የተሠራ፣ ታጥቦ የተተኮሰ ዳንቴል ተዘርግቶበታል፤ ከላዩ የአበባ ማስቀመጫ አለ። ስታቢላይዘሩ ፍሪጁ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ከምጣዱ ጋር አንድ ኤክስቴንሽን ይጋራል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ድንገተኛ ቮልቴጅም በደረቱ ይቀበላል። ሰባት አይደል? ይችለዋል።

የሰባት ወዳጆችን ታማኝነት የፈተነው ኢንቴል ራሱ ነው። በ2023 መጨረሻ «አይ» የምትለዋን ፊደል ጥሎ ኮር አልትራ ማለት ጀመረ። አልትራ 7 የቀረበለት ደንበኛ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ ያያል፣ ለአክስት ልጅ ያሳየዋል፣ ይነጋገራሉ። ከዚያ ካርቶኑ ወደ ባለሱቁ ይመለሳል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ‹አይ› የለውም እኮ። ፎርጅድ ነው።»