ከራስ በላይ ባነር

ሮታሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ክለብ አባላት «ከራስ በላይ አገልግሎት» የሚል መሪ ቃል አላቸው። አማርኛ ደግሞ «ከራስ በላይ ነፋስ» ይላል። ሁለቱን ማስታረቅ ቀላል አልነበረም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸውና የከተማችን የበጎ አድራጎት ክለቦች መላ አገኙለት፤ በራስና በነፋስ መካከል ባነር ሰቀሉ። 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ አራቱም ማዕዘን ላይ የብረት ቀለበት የተመታለት፣ በስተቀኝ የፕሬዚዳንቱ ፎቶ፣ በስተግራ ዓርማው፣ የተረጂዎቹ ሰፈር ስም ደግሞ ቦታ ከተረፈ ከታች በኩል። አገልግሎቱም አለ፣ ነፋሱም አለ፣ ራስም ባነሩ ላይ አለ። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት እርቅ ይፈለጋል?

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልተራቀቀም ነበር። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከሦስት ሰዎች ጋር በአንድ ቢሮ ተሰበሰበ። ስብሰባው በየተራ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይዞር ስለነበር ሮታሪ ተባለ። የእኛዎቹ መዞሩ ስለሚያደክም አንድ ሆቴል ሰፍረዋል፤ አሁን የሚዞረው የምግብ ዝርዝሩ ነው። ዓርማው 24 ጥርስና 6 ራጂ ያለው ጎማ ነው። ቀድሞ ሲሳል መሃሉ ላይ ከዘንግ ጋር የሚቆለፍበት ማስገቢያ አልነበረውምና፣ መሐንዲሶች አይተው ይህ ጎማ ለብቻው ይሽከረከራል እንጂ ጉልበት አያስተላልፍም ብለው አስጨመሩበት። አይ ፈረንጅ! ለብቻ የመሽከርከርን ጣዕም ቢያውቁት ኖሮ ምነው ያን ቀዳዳ ባልበሱት።

እዚህ ላይ ሮታሪ፣ ላየንስ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ኅብረት፣ የአካባቢ ልማት ማኅበር እያልን አንለይም። ስም ይለያያል እንጂ ደወሉ አንድ ነው።

ስብሰባው በየሳምንቱ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይጠራል። በ12 ሰዓት የሚገኙት አስተናጋጁና ገና ጠባዩን ያልተማሩ አዲስ አባላት ናቸው። ፕሬዚዳንቱ 12 ከ45 ላይ ይገባሉ። ቀድመው የመጡ 10 ሰዎች 45 ደቂቃ ሲጠብቁ ተደምሮ 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ አንድ ግንበኛ የቀን ሥራውን ጨርሶ እጁን ታጥቦ የሚሄድበት ጊዜ ማለት ነው። ግንበኛው ግን በዚያ ሰዓት ግድግዳ ብቻ ነው የሚያቆመው፤ ትዕግሥትን አያንጽም።

ከዚያ ደወል። ደወሉ የክለቡ ንብረት ስለሆነ ከነመዶሻው በጸሐፊው መኪና ይዞራል፤ ጸሐፊው የቀረ ዕለት ስብሰባው በማንኪያና በብርጭቆ ይከፈታል። ቀጥሎ የእንግዶች ትውውቅ፣ ያለፈው ሳምንት ቃለ ጉባኤ፣ የገንዘብ ያዥ ሪፖርት፣ የኮሚቴዎች ሪፖርት፣ የዕለቱ ተናጋሪ፣ ልዩ ልዩ፣ ደወል። ትውውቁ ብቻውን አንድ መርሐ ግብር ነው። ፕሬዚዳንት የሚሾመው ለአንድ ዓመት ስለሆነ፣ አሥራ አምስት ዓመት በቆየ ክለብ ውስጥ ግማሹ ሰው «የቀድሞ ፕሬዚዳንት» ነው፤ ሁሉም በየማዕረጉ ካልተጠራ ቅር ይለዋል። የዕለቱ ተናጋሪ 20 ደቂቃ ተብሎ የተጋበዘ ሐኪም ወይም የባንክ ሰው ሲሆን፣ ተራው ሲደርስ 7 ደቂቃ ይቀረዋል። በነዚያ 7 ደቂቃዎችም ሾርባ ይቀርባል።

ቅጣቱንስ እንዴት ሳናመሰግን እናልፋለን? ሥርዓት አስከባሪ የሚባል ሹም አለ። የደረት ዓርማውን የረሳ፣ ስልኩ የጮኸበት፣ አርፍዶ የመጣ ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ብር ይጨምራል። እድራችን ለመቅጣት ምክንያት አለው፤ ሰው ሞቶ ድንኳን ተካይ ከቀረ ለቀስተኛው ፀሐይ ይመታዋል፣ ስለዚህ የተቀጣ ሰው አንገቱን ይደፋል። እዚህ ግን ቅጣቱ በጭብጨባ ነው። ያረፈደው እየሳቀ ይከፍላል፤ ከፍሎ ስለጨረሰም በሚቀጥለው ሳምንት ያረፍዳል። የማርፈጃ ፈቃድ በአንድ መስኮት የሚያገኙበት ቦታ በከተማው ይኸው ብቻ ነው።

የቀረ ደግሞ ሌላ ክለብ ሄዶ ተቀምጦ ያካክሳል፤ ስሙም ሜክአፕ ይባላል። ስያሜው እንዴት እንደተገጣጠመ አይታችሁልኛል? ፊት ላይ የሚቀባውም፣ መዝገብ ላይ የሚቀባውም አንድ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክለቦች ከፈለጉ በወር ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሰበሰቡ ተፈቅዶላቸዋል። የተረፈው ጊዜ መስክ ላይ እንዳይባክን የሰጉ ጠንቃቆች ግን በየሳምንቱ ገፍተውበታል።

የአመራሩ ዘመን የሚጀምረው ጁላይ 1 ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 መሆኑ ነው። አዲሱ ፕሬዚዳንት ክረምቱን ባነር ያሳትማሉ፣ መስከረም በበዓል ያልፋል፣ ጥቅምትና ኅዳር ዕቅድ ይጸድቃል፣ ታኅሣሥና ጥር ድጋፍ ይጠየቃል፣ ሚያዝያ ላይ ሥራው ሊጀመር ሲል የርክክቡ እራት ዝግጅት ይመጣል። ተተኪው የቀድሞውን ሥራ አይቀጥሉም። ቢቀጥሉት የማን ፎቶ ባነሩ ላይ ሊወጣ ነው?

ወደ መስክ እንውጣ። ችግኝ ተከላው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይደረጋል። ሙያተኛ ቢጠየቅ ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከተከላው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይቆፈር፣ አፈሩ ዝናብ ሲጠግብ ሐምሌ ላይ ይተከል፣ ሥሩ ክረምቱ ሳይወጣ መሬት ይያዝ ይላል። ሙያተኛው የክብር እንግዳውን ፕሮግራም አያውቅም። ቲሸርቱም ገና ከማተሚያ ቤት አልወጣም ነበር (ሁሉም ኤክስ ኤል ነው፤ ቀጫጮቹ ችግኝ ይዘው ሲቆሙ ራሳቸው ችግኝ ይመስላሉ)። የዕለቱ ጉድጓድ በጥድፊያ ስለሚቆፈር ስፋቱ አንድ ጫማ ያስገባል። ጥቁሩ ፕላስቲክ ሳይቀደድ አብሮ ይቀበራል፤ ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሞ እንደ ክለቡ ጎማ ለብቻው ይሽከረከራል። ጥቅምት ላይ ደረቅ ይመጣል፣ ከሱ በኋላ ፍየል። ፍየሉ ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ተከላ እንዲኖር ያደረገ እሱ ነው።

የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳትም እንዲሁ በዝናብ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ይነሣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ 6 ሰዓት ላይ ዝናቡ ይነሣል። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ካልከረመና መጀመሪያ የተመረገው ሳይደርቅ ከተለሰነ እንደሚሰነጠቅ እማማ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ግን ማን ጠየቃቸው? እሳቸው የተጋበዙት ለማልቀስ ነው። በጀቱ ለባነሩ ስለተነካ ቆርቆሮው ባለ 32 ጌጅ ይሆናል፣ በጣት ሲጫኑት የሚጎደጉደው ስሱ። ሚስማሩን የሚመታው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በጉብታው ፈንታ ውሃ መውረጃው ላይ ይመታዋል። ጣሪያው ከዚያ ወዲያ ያፈሳል፤ እማማ ግን አያሙም። ከሚያፈሰው ሥር የሚያስቀምጡት ባልዲ የክለቡ ዓርማ አለበት።

ከአሜሪካ ስለሚመጣው ኮንቴይነር ብዙ አንልም፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ እሱ ራሱ ብዙ ስለሚቆይ። የዕቃ ዝርዝሩና የቀረጥ ነፃ ደብዳቤው ከዕቃው ቀድመው መጨረስ ሲገባቸው፣ ዕቃው ደርሶ የመቆያ ክፍያ መቁጠር ሲጀምር ደብዳቤው መጻፍ ይጀመራል። ሲከፈት ባለ 120 ቮልት የሆስፒታል መሣሪያ ነው። የእኛ መብራት 220 ነው። የመጀመሪያው ማሽን ሲሰካ ጭሱ ከምርቃቱ ዕጣን ጋር ተቀላቅሎ በደንብ ያርጋል። ትራንስፎርመር ቢገዛም ቮልቴጁን እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም፤ በ60 ኸርዝ የተሠራው ሞተር በ50 እየጎተተና እየጋለ ይሠራል። የላኩት ወገኖቻችን በበኩላቸው ሜሪላንድ ውስጥ እራት ተጋብዘው ምስክር ወረቀት ወስደዋል።

ደም ልገሳውን በቶሎ እንለፈው፤ መርፌ ስላለበት ክለቡም በቶሎ ነው የሚያልፈው።

አንድ ነውር ግን አለባቸው፤ አንደብቅላቸውም። ፖሊዮ ላይ ሠርተዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. ሮታሪ ፖሊዮን የማጥፋት ዘመቻውን ጀመረ፤ በ1988 በዓመት 350,000 ያህል ሕፃናትን ያሽመደምድ የነበረ በሽታ ከዚያ ወዲህ ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ተባለች። ከሲያትል ሳይቀር፣ ኢትዮጵያውያን ያሉባቸው ቡድኖች እየመጡ ገጠር ገብተዋል። አሠራሩ ግን እጅግ አሰልቺ ነው። አራት የበረዶ ጥቅል ያለው ሣጥን አንግቶ ቤት ለቤት መሄድ፣ ሁለት ጠብታ መጨመር፣ የግራ እጅ ትንሿን ጣት በቀለም ማስመር፣ በሩ ላይ በጠመኔ መጻፍ፣ ልጅ ያልተገኘበት ቤት ተመልሶ መሄድ። ተመልሶ መሄድ! ብልቃጡ ላይ ደግሞ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፤ ሙቀት ባገኛት ቁጥር ትጠቁራለች፣ ከዙሪያዋ ጋር ከተመሳሰለች ክትባቱ ተበላሽቷልና ይጣላል። እንዲህ ያለው አጋላጭ ምልክት በችግኙና በቆርቆሮው ላይ አለመለጠፉ ስንቱን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከውርደት አዳነ።

የክለቦቻችን ቁንጮ ሥራ ግን የውሃ ፓምፕ ነው። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ የዕለቱ ክቡር እንግዳ አንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ (የታሸገውን)። ከጎኑ የለጋሾቹ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ይቆማል። ፓምፑ ውስጥ ፒስተኑ ላይ የምትገባ የዩ ቅርጽ ያላት ጎማ አለች። አሸዋና የቀን ተቀን ሥራ ይበላታል፤ ጥሩ ቢባል በየዓመቱ መለወጥ አለባት። ስታልቅ መጀመሪያ ውሃው ከብዙ መወዝወዝ በኋላ ይመጣል፣ ከዚያ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ይቀራል። ፓምፑን የሠሩት ሰዎች ይህን አውቀው በአንድ ቁልፍ እንዲፈታ አድርገውታል፤ ሁለት የሠለጠኑ የመንደር ሰዎች ክዳኑን ከፍተው፣ እጀታውን አውጥተው፣ ዘንጎቹን በእጃቸው ስበው በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። የሚያስፈልገው ጎማዋን የሚያስቀምጥ አንድ ሱቅ፣ ከየቤቱ በወር ጥቂት ብር የሚሰበስብ የውሃ ኮሚቴና ቁልፏ ከማን ጋር እንዳለች ማወቅ ነው።

ይህን ክለቡ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ግን ጎማ አትመረቅም። ምን ብሎ ባነር ይታተማል? የክብር እንግዳስ ለየትኛው ሪባን ይጠራል? ስለዚህ ሌላ ፓምፕ ይተከላል፣ ከቀድሞው 300 ሜትር ርቆ። እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ሲወርዱ ሁለት እብነ በረድ እያነበቡ ይሄዳሉ፤ በጎልማሶች ትምህርት ላይም እንደ ተሠራ ይመዘገባል።

ልዩ ልዩ ላይ ሲደረስ፣ አንዳንዴ ከመጨረሻው ወንበር አንድ እጅ ይነሣል። እዚያ ወረዳ ዘመድ ያለው፣ ዝምተኛ አባል ነው።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ያቺ ጎማ እኮ አልቃ ነው የቆመው። ብትገዛ…»

ፕሬዚዳንቱ ሰዓታቸውን ያያሉ። አስተናጋጁ ዋናውን ምግብ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ጸሐፊው በፍጥነት ይጽፋል፦ «ተ.ቁ. 8፣ የጎማ ግዢን በተመለከተ፣ የክለቡ መኪና የቆመበት ምክንያት ተጣርቶ በሚቀጥለው ሳምንት ሪፖርት ይቅረብ።»

ገንዘብ ያዡ ሹካውን እያነሣ፣ «የፊት ነው የኋላ?» ይላል።