አንዲት ማስክ፣ አስራ አንድ ሰው

ደብረ ማርቆስ በኮሮናው ዘመን የሠራችውን ጀብዱ ታሪክ ጸሐፊ ካልጻፈው እኔ እጽፈዋለሁ።

2013 ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። በሩ ላይ ዘበኛው «ያለ ማስክ አይገባም» ይላል። የእኔ ማስክ ቤት ቀርታለች። አጥሩ ሥር ቆሜ ስተክዝ አንዲት እናት ጉዳያቸውን ጨርሰው ወጡ። ማስካቸውን ከአገጫቸው አወለቁና «እንካ ልጄ፣ ግባበት፤ ስትወጣ ለኋለኛው ስጠው» አሉኝ። ሰማያዊ ናት። አንዱ ላስቲኳ ተበጥሶ በክር ተቋጥሯል። በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። ገባሁ፣ «ነገ ና» ተባልሁ፣ ወጣሁ፣ ለኋለኛው ሰጠሁ። ከዚያ ሥራም ስላልነበረኝ ጥላ ይዤ ቆጠርሁ። እስከ ምሳ ድረስ አስራ አንድ ሰው ገባባት። ዘበኛው ማስኳን ለመዳት፣ ፊትን ግን አንዱንም አላየ።

ሳይንስ አያውቁም የሚሉን ይፈሩ! ቫይረሱም ከእኛ የተማረ ነው የሚመስለው። በሰውነታችን በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ አንቲቦዲ ይባላል። የኛው ዘበኛ ማስክ ያየውን ያስገባል፤ አንቲቦዲ ደግሞ የሚያውቀውን መልክ ይዞ ያስቀራል። ሁለቱም ግን ከላይ ከለበሰው አልፈው አያዩም። ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባው ስፓይክ በሚባለው ሹል ፕሮቲኑ ነው፤ አንቲቦዲውም አንቆ የሚይዘው እሱኑ ነው። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ እንደ ደከመው ቁም ጸሐፊ ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ከንቱ ነው። አንዳንዱ ግን ሹሉን ትንሽ ይለውጠውና ዘበኛው «ይሄን ሰውዬ አላውቀውም» ብሎ ያሳልፈዋል። ኅዳር 2014 ስሙ የወጣለት ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ ስፓይኩ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ይዞ መጣ። ጋቢ መቀየር አይደለም፣ ቆዳ መቀየር ነው።

የእኛ ሰው ግን ይህ ሁሉ አያሰጋውም። «እኔን አንዴ ይዞ ለቆኛል» ይላል ጠላውን እየተጎነጨ። አንድ መርፌ የተወጋውም እንደ መሬት ደብተር አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል፤ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ደቡብ አፍሪካ በዚያው በ2013፣ ቤታ የተባለው ዝርያ ቀላልና መካከለኛ ሕመምን በመከላከል ረገድ አስትራዜኔካን ክፉኛ አዳከመው ብላ ክትባቱን ገታ ስታደርግ፣ እኛም ሳምንታት ቆይተን በዚያው ክትባት ጀመርን። ምን ነካቸው? አንድ ቀን ጠላ ቤታችን መጥተው ቢጠይቁን ኖሮ!

ከእነዚህ የሚበልጥ ሊቅም አለ። «አያ፣ ተከትቦም ታመመ እኮ፤ ታዲያ ምን ረባ?» ይላል። እውነቱን ነው። ፍሬን ያለው መኪናም ከደጀን ወደ አባይ ሲወርድ ይጋጫል፤ ስለዚህ ፍሬኑ ይፈታ። ኦሚክሮን አንቲቦዲውን አልፎ ቢያስይዝም፣ ከጽኑ ሕመምና ከሞት የሚጠብቀው የክትባቱ ኃይል የዚያን ያህል አልወደቀም። ቲ ሴል የሚባሉት፣ ጓዳ ያሉት ዘቦች፣ ልብስ አያታልላቸውም፤ ቫይረሱን በቁርጥራጩ ይለዩታል። ማጠናከሪያ ክትባትም የበሩን ዘበኛ ያበዛዋል። ይህን ለሊቁ ብነግረው «አንተ ደግሞ ሐኪም ሆንህ?» ብሎ አሣቀብኝና ቤቱን በሣቅ አፈረሰው። እኔም ሣቅሁ። ጠላው ጥሩ ነበር።

ማስኳን ረሳኋት ብዬ ነበር። ባለፈው እዚያው ጠላ ቤት ስገባ እንስራው አፍ ላይ ዝንብ እንዳይገባ አንዲት ሰማያዊ ማስክ ታስራለች። ላስቲኳ በክር ተቋጥሯል። እሷው ትሁን ሌላ አላውቅም። አፍ በደንብ ሸፍና ያየኋት ግን ያን ቀን ነው።