«ኧረ መስኮቱን ዝጉ!»

ወሎዬ ደግ ነው ይባላል። እውነት ነው። ደግነቱ ግን የሚኒባስ መስኮት እስኪከፈት ድረስ ነው።

ከደሴ ስትነሱ ሁሉም በጋቢው እስከ አፍንጫው ተጠቅልሏል። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትቃረቡ ያው ሰውዬ ያልበዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መሀል ላይ አንዱ ወጣት መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገፋ ያደርጋል። ወዲያው ከኋላ፦ «ኧረ በአላህ ዝጋው፣ ምች ሊመታን ነው!» ይዘጋል። ይታፈናል። ይከፍታል። «አንተ ልጅ፣ ሰው አትሰማም?» ጭቅጭቁ መናኸሪያ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ሲወርዱ ደግሞ ተጣዪዎቹ አንዱ የሌላውን ዕቃ ተሸክሞ ታገኟቸዋላችሁ።

አክስቴ በዚህ ትግል ውስጥ አንጋፋ ናት። በ«ዝጉ» ወገን። ለዑምራ ወደ ጅዳ ስትሄድ መህረም (አጃቢ የቅርብ ወንድ ዘመድ) ሆኜ አብሬያት ሄድኩ። ገና እንደተቀመጠች የጄቱን መስኮት በጣቷ አንኳኳች።

«ይሄ አይከፈትም?»

«አይከፈትም።»

«አልሐምዱሊላህ!»

በዕድሜዋ የሚገባት መኪና ዛሬ አገኘች። ደስታዋ ግን አልቆየም። ከራሷ በላይ ካለችው ክብ ቀዳዳ ቀዝቃዛ አየር አናቷ ላይ ወረደ። የሷን ዘጋችው። ቀጥላ የእኔን። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠውን የማታውቀውን ሰውዬ። ዳማከሴዋን ከቦርሳዋ አውጥታ እያሸተተች «አሁንም ይበርዳል» አለች።

ቀዳዳዋ የአየሩን መጠን እንጂ ሙቀቱን አትቀይርም። አየሩ በጣሪያው በኩልም ይገባል፤ እሱን ማንም አይዘጋውም። ይህን ስነግራት «ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ከሞተሩ ነው ማለቴ ስህተት ነበር።

«የሞተር ጭስ ነው የምታጠጡኝ?»

ጭስ አይደለም። ነዳጁ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ሞተሩ ጨምቆ ካስገባው ንጹህ አየር ላይ ነው የሚቀነሰው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ይሄኛው 200 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። አየሩ ወደ ጄቱ ሆድ ይወርድና በደጁ ብርድ ይቀዘቅዛል። ደጁ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ነው፣ ብርድ አያጣም። እንደገና ይጨመቃል፣ እንደገና ይበርዳል፣ ከዚያ በድንገት ይለቀቃል። ጎሚስታ ጎማ ሲያስተነፍስ እጃችሁን አስጠግታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። በመጨረሻ ከሞተሩ የመጣ ትኩስ አየር ጠብ ይደረግበትና ለብ ይላል።

«እንደ ውዱእ ውሃ» አለች አክስቴ። ከእኔ በተሻለ ገባት።

ችግሩ ያለው ማደሉ ላይ ነው። የተሳፋሪው ክፍል በቀጣና ይከፈላል። ማሽኑ ብዙ ብርድ ለሚፈልገው ቀጣና ብሎ ያቀዘቅዛል፤ ለሌላው ትኩስ ይጨመርለታል። አክስቴ «የቅሬው ዳኛ ማን ነው?» ብላ (ቅሬ የወሎ እድር ነው) ሆስተሷን አስጠራች። ሆስተሷም ብርድ ልብስ አምጥታ ተገላገለች። በእኛ ቅሬም ቢሆን ክርክር የሚዘጋው ምሳ ሲቀርብ ነው።

አንድ ነገር ግን ለደሴ ሰው መንገር አለብኝ። ጄቱ 10 ሺህ ሜትር ላይ ቢበርም፣ ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ይደረጋል። ደሴ ከዚያ ትበልጣለች። ድሪምላይነር የሚሉት ቦይንግ 787ማ ወደ 1,800 ሜትር ያወርደዋል፤ ኮምቦልቻ በሉት። አክስቴ ሰማይ ላይ ወጣሁ ብላ ጎረቤት ሁሉ ሸኝቷት፣ ለካ ከቤቷ ቁልቁል ወርዳ ነው የበረረችው። ይህንን ለጎረቤት እንዳልናገር አስምላኛለች። (እናንተ ጎረቤት አይደላችሁም።)

ስንመለስ ጅዳ ላይ ወበቁ አይጣል ነው። ገና ሳንነሳ ከጣሪያው ነጭ ጉም መውረድ ጀመረ። ቀዝቃዛው አየር ከእርጥቡ አየር ጋር ሲገናኝ የሚሠራት ጉም ናት፤ ጉዳት የላትም። አንዳንዱ ደንግጦ ተነሳ። አክስቴ ግን ዓይኗን ጨፍና ሳበችው። «ማሻ አላህ፣ ዕጣን አጨሱልን። ቡናው የታለ?»

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ወጣን። ሐረጎ ላይ አንድ ልጅ መስኮቱን ገፋ አደረገ።

«ልጄ ዝጋው። ሰማይ ላይ የሚሄደው እንኳ ዘግቶ ነው የሚሄደው።»

«እሱ ኤሲ አለው እኮ፣ እማማ።»

አክስቴ ወደ ፊት ዞረች።

«ሹፌር! ከሞተሩ ትንሽ አየር ቀንስልን። መጀመሪያ ግን አብርደው።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አያት፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «አብሽሩ እማማ» አለ። ልጁም መስኮቱን ዘጋ።