ሁለት ነጥብ ብቻ

«ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለኝ» የሚል ሰው ስሰማ ወንበሬን አመቻችቼ እቀመጣለሁ። ቶሎ እንደማንወጣ ገብቶኛላ! አንድ ነጥብ ያለው ሰው አንዷን ተናግሮ ይቀመጣል። ሁለት ያለው ግን ከነመግቢያው፣ ከነታሪኩ፣ ከነ«ይህንንም ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል» ነው የሚመጣው።

ሰሞኑን ይህ ዓይነት ሰው የመሬት ሽንሸና ስብሰባ ላይ አጋጠመኝ። አንድ ባለይዞታ ሰፊ መሬቱን ቆራርጦ ለቤት መሥሪያ ሊሸጥ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከማጽደቁ በፊት አዋሳኞች የሚሉት ካላቸው ይበሉ ብሎ ጠራን። ፕላኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከኋላ አንድ ጋሼ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለኝ።»

የመጀመሪያው ነጥብ ሰፈሩ በልጅነታቸው ምን ይመስል እንደነበር ነው። ሁለተኛውን እስካሁን አላወቅነውም።

ሰው አይናገር አላልኩም። መሬትና አቤቱታ ድሮም አይነጣጠሉም። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው አንድ የግብፅ ንጉሥ መሬቱን እኩል እኩል አራት ማዕዘን አድርጎ ለሕዝቡ አከፋፈለ። ወንዙ ሞልቶ ከመሬቱ ቆርሶ የወሰደበት ሰው ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ይናገራል። ለኪዎች ይላካሉ። የጎደለው ተለክቶ ግብሩ ይቀነስለታል። ጂኦሜትሪ የመጣችው ከዚህ ይመስለኛል ይላል ሄሮዶቱስ። ያ ገበሬ ንጉሡ ፊት ቆሞ «ሁለት ነጥብ ነው ያለኝ» ቢል ኖሮ ትምህርቷ እስከ ዛሬም መንገድ ላይ ነበረች።

ጋሼ ሲቀጥሉ እኔ ፕላኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀጫጭን መስመሮች። ቁጥር የተሰጣቸው ቦታዎች። ጥግ ላይ የሰሜን ቀስት። የመሬቱን ከፍታ የሚያሳዩት ጠመዝማዛ መስመሮች አንድ ቦታ ላይ ተጠጋግተው ተደራርበዋል፤ እዚያ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ ቦታ ቁጥር 14 ተቀምጣለች። መሀሏን የተቆራረጠች ሰማያዊ መስመር ታቋርጣለች። የጎርፍ መውረጃ ናት። ስለሷ ማንም አልተነፈሰም። ከጋሼ ቀጥሎ የተነሱት ስለ ዛፉ ተናገሩ። ሌላው ስለ መኪና ማቆሚያ። ሌላው ደግሞ የቀደሙት ተናጋሪዎች ያሉትን እንደሚደግፍ ለመግለጽ ያሉትን ሁሉ ደገመው። ሰዓቱ አለቀ።

ሽንሸና የሚመረመረው እኮ ለዚያች ሰማያዊ መስመር ነው። አሠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም አጥንቱ ይመሳሰላል። ባለይዞታው መጀመሪያ ረቂቅ ፕላን ያስገባል። ረቂቁ በየክፍሉ ይዞራል። የውሃው ባለሙያ ቱቦው ይበቃል ወይ ይላል። የመንገዱ ባለሙያ ከመታጠፊያው ላይ የሚመጣው መኪና ይታያል ወይ ይላል። የእሳት አደጋው ደግሞ መኪናዬ ገብታ መዞር ትችላለች ወይ ይላል። ይኼኛው ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የእሳት ደንብ፣ መውጫ የሌለው ረዘም ያለ መንገድ ጫፉ ላይ ክብ መዞሪያ ከተሠራለት ከዳር ዳር 96 ጫማ እንዲሰፋ ይጠይቃል። 29 ሜትር ግድም ነው። መሬት ሻጭ ይህን ሲሰማ ራሱን ያመዋል። ቤት ሊያርፍበት የሚችል ቦታ ለመዞሪያ ሲሄድ እንዴት አያመው!

ቀጥሎ ረቂቁ በቅድመ ሁኔታ ይጸድቃል። መንገዱን ሥራ፣ ቦዩን ቅደድ፣ አለዚያም ለመሥራትህ ዋስትና አስይዝ ይባላል። ይህ ካለቀ በኋላ የመጨረሻው ፕላን ተፈርሞ ይመዘገባል። በአብዛኛው ቦታ መሸጥ የሚቻለው ያኔ ነው። ምርመራው ጥድፊያ የማይወደው የተቆረጠ መሬት መልሶ ስለማይገጠም ነው። ቤት ይፈርሳል፣ ይሠራል። ወሰን ግን አንዴ ከተሰመረና ቦታው ለብዙ ሰው ከተሸጠ፣ ማን ሰብስቦ ያስማማዋል?

ኒው ዮርክን ተመልከቱ። በ1811 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ኮሚሽነሮች የማንሃተንን ደሴት በ12 ሰፋፊ ጎዳናዎችና በ155 መንገዶች ከፋፈሉት። ያኔ አብዛኛው እርሻና ኮረብታ ነበር። ለምን ቀጥ ያለ መስመር ሲባሉ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ቤት ለመሥራት ርካሽ ለመኖርም ምቹ ነው አሉ። አለቀ። ቀያሹ ጆን ራንደል በሰው መሬት ላይ ገባህ ተብሎ ተከሰሰ፣ ታሰረም። እርሻዎቹ የሉም፣ ከሳሾቹም የሉም። መስመሩ ግን ይኸው።

የምወደው ተረት አለኝ። «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።» ለጋብቻም፣ ለሥራ ቅጥርም፣ ለብድርም እጠቅሰዋለሁ። ቤተሰቤ ሰልችቶታል። በሬ ሆ... ስል ልጆቹ ይጨርሱልኛል። ቢሆንም ለመሬት ገዢ ከዚህ የተሻለ የተባለ ነገር አላውቅም። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ ውስጥ የመሬት ግዢ እብደት ተነስቶ ሰው ቦታውን ሳያይ ከሩቅ ሆኖ ገዛ። አንዳንዱ ሄዶ ሲያየው ረግረግ ነው። ወረቀቱ ላይ መንገድ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ወሰን አለው። ወረቀት ላይ ረግረግ አይታይማ! በሬው ቢያንስ ሳሩን በዓይኑ አይቷል።

እንዲህ የምንጨረጨረው የቆየ ቂም ስላለኝ ነው። ከጓሮዬ ያለው መሬት የተሸነሸነ ጊዜ አዲሱ መንገድ ወደኔ አጥር መጣ፣ መጣ፣ መጣና 30 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ቆመ። የሳሉት ሰዎች ማስመሪያ ያጠራቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ያቺ ቁራጭ በሻጩ ስም ነው የቀረችው። እኔ ወደ መንገዱ በር ልክፈት ካልኩ የሱን መሬት መርገጥ አለብኝ። ለመርገጥ ደግሞ መክፈል። በ30 ሴንቲ ላይ ቤት አይሠራ፣ ጎመን አይተከል፤ ጥቅሟ እኔን ደጅ ማስጠናት ብቻ ነው።

ይህ የሻጮች የታወቀ ዘዴ ነው። ብዙ ከተማ በደንቡ ከልክሎታል። መርማሪ የተቀመጠው እንዲህ ያለችውን ቁራጭ አይቶ «ይቺ ለምንድን ናት?» እንዲል ነው። ማንም አላለም። ያን ቀን የነበረው ስብሰባም ስለ መኪና ማቆሚያ ነበር። ስለ መኪና ማቆሚያ! አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ማቆሚያ ማቆሚያ ሲል፣ ሻጩ ከፊት ወንበር ተቀምጦ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ለምን አይነቀንቅ? ስለ ማቆሚያ በተወራ ቁጥር ስለ 30 ሴንቲዋ አይወራም። ሳስበው ተናጋሪዎቹን ከቤታቸው በመኪና ያመጣቸው እሱ ይመስለኛል። ማስረጃ የለኝም፤ ቂም ብቻ ነው ያለኝ።

መሥሪያ ቤቶቹም የራሳቸው ተረት አላቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ፋይልህ የት ደረሰ ስትል ይህ ይነገርሃል። ይሄዳል፣ እሺ። ግን እንቁላሉ የሚሄደው የሚያቅፈው ሲኖር ነው። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ እንቁላል በእግሩ ሲሄድ አልታየም።

አሜሪካኖች ለዚህ አንድ ፈሊጥ አውጥተው ነበር። በ1928 (እ.ኤ.አ.) የንግድ ሚኒስቴራቸው ለክልሎች ባሰናዳው የሞዴል ሕግ ላይ፣ የፕላን ኮሚሽኑ የሽንሸና ፕላን ከገባለት በ30 ቀን ውስጥ ማጽደቅ ወይም መከልከል አለበት ይላል። ዝም ካለ? እንደጸደቀ ይቆጠራል። ከከለከለም ምክንያቱን መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ሐሳቡን ሳነበው ደስ አለኝ። ቆይቼ ሳስበው ደስታዬ ቀነሰ። እንቅልፋም መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ 14 ቁጥር ከነጎርፏ በዝምታ ትጸድቃለቻ!

ሰው ደግሞ ከደንብ በፊት ይነቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ መሬቱን አምስትና ከዚያ በላይ አድርጎ የሚከፍል ሰው በአብዛኛው ከረቂቅ እስከ መጨረሻ ፕላን ሙሉውን ምርመራ ማለፍ አለበት። ለአራትና ከዚያ በታች ግን ቀለል ይላል። ታዲያ ምን ተደረገ? ሰውየው መሬቱን ለአራት ይከፍልና ለዘመድ ለወዳጅ ይሸጣል። ዘመድ ደግሞ ድርሻውን ለአራት። ወዳጅም እንዲሁ። አንድ ቀን መንደር ሆኖ ይገኛል። መንገድ ሥራ የተባለ የለም፣ ቦይ ቅደድ የተባለ የለም፤ ሁሉም «እኔ አራት ብቻ ነው» ይላል። አራት ብቻ! እንግዲህ «ብቻ» የምትለዋ ነገር የተናጋሪ ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

አዎ፣ ስለ ተናጋሪዎች ነበር የጀመርኩት። ብዙ ቦታ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ይበቃል። ጋሼም በሦስት ደቂቃ ልጅነታቸውን ማድረስ ይችላሉ፣ ጉርምስናውን በጽሑፍ ያስገቡ። ለነገሩ ሥራው ያለው አዳራሹ ውስጥ አይደለም። ከስብሰባው በፊት ፕላኑና የባለሙያዎቹ አስተያየት በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ሄዶ ጎርፉ ወዴት ነው የሚሄደው፣ የመንገዱ ጫፍ በማን ስም ነው፣ ቦዩን ወደፊት የሚጠርገው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም፤ ቢሮ ውስጥ አጨብጫቢ የለማ።

እኔ ስለ 14 ቁጥር አስተያየቴን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ተቀብላ ከክምሩ ላይ አስቀመጠችው። የገቢ ቁጥር ስጪኝ ስላት ቁጥር የሚሰጠው ባልደረባዋ ስብሰባ ላይ ነው አለችኝ።